ከዲቲ ወርጄ ሂማሊያን 450 ላይ ስወጣ

ሐዋሳ፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር ቡና ላይ ስለዚህ ሞተር ከተወራው ግማሹ ስለ እስክሪኑ ነው። ክብ ነው፣ ባለ 4 ኢንች ነው፣ የጉግልን ካርታ ሙሉውን ያሳያል። እሺ፣ ያሳይ። እኔ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ፤ ሞተር የምነዳው የክትባት ሳጥን ከኋላ አስሬ ገጠር ለገጠር ለመዞር ነው፣ በመሥሪያ ቤቱ ዲቲ 125። ከውጭ ያስመጣው ጓደኛችን «ንጂውና የመሰለሽን ተናገሪ» ብሎ ቁልፉን ስለሰጠኝ የመሰለኝን እናገራለሁ። የዚህ ሞተር ደጉም ክፉውም ያለው ወንዶቹ አጎንብሰው ባላዩት በኩል ነው።

ለማያውቀው፦ የሕንዱ ሞተር አምራች ሮያል ኤንፊልድ ይህን ሂማሊያን ያወጣው በ2023 መጨረሻ ነው፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። የበፊቱ 411 ሲሲ ሆኖ በአየርና በዘይት የሚቀዘቅዝ፣ ባለ 5 ማርሽ፣ ጉልበቱም 24 የፈረስ ጉልበት ግድም ነበር። አዲሱ 452 ሲሲ፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ፣ ባለ 6 ማርሽ፣ 40 የፈረስ ጉልበት። ክብደቱ 196 ኪሎ ነው፤ ከበፊቱ እምብዛም አልተለወጠም።

በቱላ በኩል ወጥቼ አስፋልቱ ላይ ስለቀው ሌላ ዓለም ነው። ሲኖትራክ ደርቦ ለማለፍ ማርሽ መቀነስ አያስፈልግም፣ ነዳጅ ሰጥቶ መሄድ ነው። ዲቲ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ለማድረግ መጀመሪያ ጸሎት ይደረጋል። ወንበሩ ሰፊ ነው፣ መሪው ከፍ ብሎ ወደ ሰው የመጣ ስለሆነ ጀርባ አይጎብጥም፤ ቆሞ ለመንዳትም የተሰራ ነው፣ ጉልበት ታንኩን በደንብ ይይዛል።

ዋናው ፈተና ግን የሀገረ ሰላም ዳገት ነው። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ግድም ላይ ናት፣ ሀገረ ሰላም ከ2,500 ሜትር በላይ። የእኔ ዲቲ እዚያ ስትደርስ ትታነቃለች፤ ከፍታው ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ ካርቡራተሩ ግን የሚሰጠውን ቤንዚን በዚያ ልክ አይቀንስም፣ ስለዚህ ቤንዚኑ ይበዛባትና ጭሷን ትተፋለች፣ ካንዴላዋ ይጠቁራል። ሂማሊያን ቤንዚኑን የሚረጨው በኢንጀክሽን ነው። ሴንሰሩ አየሩን እየለካ ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን ይመጥንለታል። ጉልበቱ አይቀንስም ማለቴ አይደለም፣ አየር ሲሳሳ የማይደክም ሞተር የለም፤ ግን አይንተፋተፍም፣ ደጋው ብርድ ውስጥም ጠዋት በአንድ ንክኪ ይነሳል። በተቃራኒው ካርቡራተር ቢደፈን እኔ ራሴ መንገድ ዳር ፈትቼ እነፋዋለሁ፤ ኢንጀክሽን ቢያስቸግር ግን የሚጠራው መካኒክ ኮምፒውተር ያለው መሆን አለበት። በሃይላንድ የተሸጠ፣ ምን እንደተቀላቀለበት የማይታወቅ ቤንዚን ለሚቀዳ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከአስፋልቱ ወጥቶ ድንጋያማው ፒስታ ላይ ሲገባ ሌላ ጠባይ ያሳያል። በደቂቃ ከ3,000 ዙር በታች ሰነፍ ነው። በአንደኛ ማርሽ ቀስ ብዬ ድንጋይ እየመረጥኩ ልውጣ ስል ሊጠፋብኝ ይደርሳል፣ ፍሪሲዮኑን ግማሽ ይዞ ዙር መስጠት ያስፈልጋል። ባለቤቱ የድሮውን ስለሚያውቀው «ያኛው በሬ ነበር፣ ቀስ ብሎ ሁሉን ይጎትት ነበር» ይላል። ይሄኛው እንግዲህ በቅሎ ነው፣ ካልኮረኮሩት አይነሳም፣ ከተነሳ በኋላ ደግሞ መመለሱ ይከብዳል። ደግነቱ ፍሪሲዮኑ ቀላል ነው፣ በሁለት ጣት ይያዛል፤ የዲቲን ያህል እጅ አያዝልም።

ፒስታው ላይ በጣም የወደድኩለት የፍሬኑን አሠራር ነው። የኋላው ኤቢኤስ ይጠፋል፤ ቁልቁለት ጠጠር ላይ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። ኤቢኤስ ጎማው እንዳይቆለፍ ፍሬኑን ይዞ ይለቃል፣ ጠጠር ላይ ደግሞ እየለቀቀ ይወስድሃል። የተቆለፈ የኋላ ጎማ ግን ጠጠሩን ከፊቱ እያከማቸ ራሱን ያቆማል። የፊቱ አይጠፋም፣ መጥፋትም የለበትም፤ የፊት ጎማ ጠጠር ላይ ከተቆለፈ የሚወርደው ሰውየው ነው። ከሥር ያለው ክፍተት 230 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ድንጋዩም ሆዱን አልነካውም።

አሁን ቁመት። እኔ ረጅም አይደለሁም፣ ወንበሩ ደግሞ ዝቅ ተደርጎም 825 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱ እግሮቼ አንድ ላይ መሬት አይደርሱም። መንገድ ላይ ችግር የለውም፤ ችግሩ ከተማ ውስጥ አደባባይ ላይ ነው፣ ባጃጅ በግራ፣ ባጃጅ በቀኝ፣ አንዱ ደግሞ ከፊት ድንገት ሰው ሊጭን ሲቆም። ያን ጊዜ 196 ኪሎውን የሚይዘው አንድ እግር ነው። ለዚህ አጠር ያለ ወንበር በተጨማሪ ዕቃነት ይሸጣል፤ ባለቤቱ ግን የእኔን ቁመት አስቦ አላመጣውም፣ አልፈርድበትም።

ወደ ጎማው ልምጣ። ውጭ አገር ይህን ሞተር ከሚነቅፉበት ነገር አንዱ ባለሽቦ ቸርኬው ከመነዳሪ የሚፈልግ መሆኑ ነው። «በዚህ ዘመን ቲዩብለስ ያልሆነ!» ይላሉ፣ ፋብሪካውም ኋላ ላይ ቲዩብለስ ቸርኬ በአማራጭነት አውጥቷል። ቡናው ላይም አንዱ ይህንኑ ደገመ። እኔ ግን አልስማማም። ዲላም ሆነ አለታ ወንዶ ያለ የመንገድ ዳር ጎሚስታ ከመነዳሪ ማጣበቅ ዓይኑን ጨፍኖ ይችላል። ቸርኬው ድንጋይ መትቶት ጠርዙ ሲጣመም ደግሞ ቲዩብለሱ አየሩን ያስተነፍሳል፣ ከመነዳሪ ያለው ይዞ ይሄዳል። የፊቱ ጎማ ባለ 21 ኢንች ነው፣ የዲቲም ፊቷ 21 ነው፤ ቢጠፋ የዲቲ ከመነዳሪ ገብቶ ቤት ያደርሳል።

ጣጣው የኋላው ነው። ባለ 17 ኢንች ሆኖ ወርዱ 140 ሚሊ ሜትር ነው። እዚህ ገበያ የሚገኘው ባለ 17 ከመነዳሪ ለቦክሰርና ለመሰሎቹ ቀጭን ጎማ የተሰራ ነው፤ እሱን እዚያ ሰፊ ጎማ ውስጥ ቢነፉት ተለጥጦ ይሳሳል፣ ጭነትና ሙቀት ሲጨመርበት ይሄዳል። በዚያ ላይ የመሃል ማቆሚያውን አንስተውታል! የድሮው ላይ አብሮ ይመጣ የነበረ ነው፣ አዲሱ ላይ ለብቻው የሚገዛ ሆኗል። ለረጅም ጉዞ የተሰራ ሞተር የኋላ ጎማውን ለመፍታት ድንጋይ መደርደር ካስፈለገው ዲዛይኑን ያወጡት ሰዎች ሜዳ ላይ ጎማ አልተነፈሰባቸውም ማለት ነው።

ሌላው የገረመኝ የኋላ መብራቱ ነው። ራሱን የቻለ የኋላ መብራት የለውም፤ ፍሬቻዎቹ ራሳቸው የኋላ መብራትም የፍሬን መብራትም ናቸው። ያምራል፣ ኋላው ቀለል ብሏል። ነገር ግን ሞተር ጭቃ ላይ ሲጋደም መጀመሪያ የሚሰበረው ፍሬቻ ነው። እኔ የማውቀው ዲቲ ሁሉ ቢያንስ በአንድ በኩል ፍሬቻ የለውም። እዚህ ላይ አንዱ ሲሰበር ግማሽ የፍሬን መብራት አብሮ ሄደ፣ ሌሊት ከኋላ አይሱዙ እየመጣ።

እስክሪኑን ላለመርሳት፦ ካርታው የሚመጣው ከስልክ ነው። ስልኩ ባትሪ ከጨረሰ የሚያምር የፍጥነት መለኪያ ነው። የስልክ መሙያ ስላለው የባትሪው ችግር ይፈታል፣ መንገዱን ለሚያውቅ ሰው ደግሞ መጀመሪያውኑ አያስፈልግም።

ከመካከላችን አንዱ «ቱሪንግ ከተባለ ቢኤምደብልዩ አር 1300 ጂኤስ ነው» እያለ ሁሉንም ያንኳስሳል። እውነት ነው፣ ያኛው 145 የፈረስ ጉልበት አለው፣ በካቴና ፋንታ በዘንግ ነው የሚሽከረከረው፣ ዘይት መቀባትና ማጥበቅ የለም። ከፊት ካለው መኪና ርቀት የሚጠብቅ ራዳርም ይገጠምለታል። ራዳሩ በሻሸመኔ መንገድ ላይ ከአህያ፣ ከጋሪና ከቅጥቅጥ ርቀት ልጠብቅ ካለ ማታም የሐዋሳን መውጫ ጥቁር ውሃን አያልፍም። 237 ኪሎውን ደግሞ ጭቃ ውስጥ እሱ ያንሳው።

ማንሳት ካልን፣ ለእኔ ሥራ ሂማሊያንም አይሆንም። ክረምት ላይ ዲቲ ስትወድቅ ብቻዬን አነሳታለሁ፤ ይሄኛውን ለማንሳት ቀበሌው መሰብሰብ አለበት። ሞያሌን አልፎ ኬንያ ለሚወርደው ለባለቤቱ ግን ሁነኛ ሞተር ነው። ታንኩ 17 ሊትር ይይዛል፣ በሊትር 25 ኪሎ ሜትር ቢሄድ እንኳ ከ400 ያልፋል፤ አዲስ አበባ ሳይቀዱ ይደረሳል፣ ሞያሌ ግን ወደ 500 ስለሆነ መንገድ ላይ፣ ያውም ማደያው ቤንዚን ካለው፣ አንድ ጊዜ መቅዳት አለበት። ታንኩ ዳርና ዳር ያሉት ብረቶች ጀሪካን ይታሰርባቸዋል። መካኒካችን የዘይት ፊልትሮና የፍሬን ሸራ እንዲይዝ ነግሮታል። እኔ የጨመርኩለት በልኩ የሆነ የኋላ ከመነዳሪ፣ የመሃል ማቆሚያና አንድ ጥንድ ፍሬቻ ነው። እሱ እስካሁን የገዛው የስልክ ማሰሪያ ነው።