ካርቶኑ አምሮ፣ ሳንባው ሻግቶ
የአንድ ቀን ጫጩት ካስመጣሁበት ማስፈልፈያ ጋር ጉዳያችን ገና ስላላለቀ ስሙን አልጠራም። ከደህናው ልጀምር። ጫጩቶቹ በተባለው ሰዓት ደረሱ። ቁጥሩ ሙሉ፣ ካርቶኑ አየር የሚያስገባ። ስልክም ያነሳሉ፤ ገንዘቡ እስኪገባ ድረስ።

ሳምንት ሳይሞላቸው አንዳንዶቹ አንገታቸውን ዘርግተው፣ አፋቸውን ከፍተው ማለክለክ ጀመሩ። ድምፅ የለም። ሌላ የመተንፈሻ በሽታ ቢሆን ሲያንኮራፉ፣ ሲያስነጥሱ ይሰማል። እነዚህ ዝም ብለው አየር ይፈልጋሉ። ያየ ሁሉ «ፈንግል ነው» አለኝ። እኔ የሞቱትን ይዤ ወደ እንስሳት ሐኪሟ ሄድኩ። አንዷን ስትከፍታት ሳንባዋ ላይ የሰሊጥ ፍሬ የሚያህሉ ነጣ፣ ቢጫ ያሉ እባጮች ነበሩ። «በዓይን ብቻ አይፈረድም» አለች። ፑሎረም የሚባለው የሳልሞኔላ በሽታም ተመሳሳይ እባጭ ያወጣል። ላቦራቶሪ ሲገባ የበቀለው ሻጋታ ሆነ፤ አስፐርጊለስ ፉሚጋተስ።

ማስፈልፈያው ወዲያው «የእርስዎ ጉዝጓዝ ሻግቶ ነው» አለ። እውነት ለመናገር ክሱ ከመሬት የተነሳ አይደለም። እርጥብ ሰጋቱራና የሻገተ መኖ በሽታውን ያመጣሉ። ግን ከሌላ ቦታ የመጡት ጫጩቶቼ እዚያው ቤት፣ ከዚያው ጆንያ በተነጠፈ ሰጋቱራ ላይ ናቸው። መኖውም አንድ ነው። አንዳቸውም አላለከለኩም። በሽታው ከጫጩት ወደ ጫጩት ስለማይተላለፍ፣ የታመሙት ስፖሩን (ሻጋታው የሚራባበትን፣ በአየር የሚበተን ደቃቅ ዘር) የሳቡት ሌላ ቦታ ነው ማለት ነው።

የት? ሐኪሟ ካርቶኑን አስመጣችኝ። ጥጉ ላይ ጫጩት ሲፈለፈል የሚረግፈው ልስልስ የላባ ብናኝ ተጠራቅሟል። ከእሱ፣ ከሰጋቱራውና ከመኖው ናሙና ወሰደች። ሻጋታው ግጥም ብሎ የበቀለው ከብናኙ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሻጋታው በቆሸሸ ወይም በተሰነጠቀ ቅርፊት እንቁላል ውስጥ ይገባል። የማስፈልፈያ ማሽኑ 37.5 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ይመቸዋል። እንቁላሉ ሲሰበር ማራገቢያው ስፖሩን ይበትነዋል። ጫጩቷ የመጀመሪያ ትንፋሿን የምትስበው እዚያው ነው።

ውጤቱን ልኬ ማሽኑ መቼ እንደታጠበ፣ የተሰነጠቀ እንቁላል ይለዩ እንደሆነ ጠየቅኩ። መልሳቸው «አንቲባዮቲክ እንላክልዎ» ነበር። አንቲባዮቲክ ለፈንገስ ምን ሊያደርግ? ለመንጋ የሚሆን ፈውስም የለውም፤ የከፋባቸውን ማስወገድ ነው ያለው።

ከ5 ኮከብ 2፤ ሁለቱም ለማጓጓዣው። ከየትም ብታስመጡ ጫጩቶቹ አንድ ሁለት ሳምንት እስኪያልፋቸው ካርቶኑን አትጣሉት። ብናኙን በንጹህ ፌስታል ቋጥራችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡ። ስትነኩትም ማስክ አድርጉ፤ ስፖሩ የሰው ሳንባም ይገባል።