በ12 ስስ ቁራጮች የጨረቃን ግጭቶች ማንበብ፦ የናሳ የማስተማሪያ ስብስብ ግምገማ

ከ1969 እስከ 1972 ድረስ የአፖሎ ጠፈርተኞች 382 ኪሎ ግራም ያህል የጨረቃ ድንጋይና አፈር ይዘው ተመልሰዋል። ናሳ ከዚህ ክምችት ውስጥ 12 ስስ ቁራጮችን መርጦ፣ ጂኦሎጂ ለሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎች በውሰት የሚሰጠው ስብስብ አዘጋጅቷል። ቁራጮቹ በመስታወት ላይ ተለጥፈው ብርሃን እስኪያሳልፉ ድረስ የሳሱ ናቸው። የአስትሮይድ ምት ዓለትን ምን እንደሚያደርገው በዓይን ለማሳየት ከዚህ የተሻለ መሣሪያ ማግኘት ያስቸግራል። ይሁን እንጂ ቅደም ተከተሉን ያልጠበቀ መምህር ግማሹን ጥቅም ያጣል።

ስብስቡን በብሬቻዎቹ መጀመር አይመከርም። ብሬቻ የብዙ ድንጋዮች ስብርባሪ እንደገና ተጣብቆ የሠራው ዓለት ስለሆነ፣ ያልተመታ ድንጋይ ምን እንደሚመስል ያላየ ተማሪ የሚያነጻጽርበት ነገር የለውም። መጀመሪያ በማይክሮስኮፑ ላይ ናሙና ቁጥር 70017ን ያስቀምጡ። ይህ ታይታኒየም የበዛበት የአፖሎ 17 ባዛልት ነው፤ ማዕድናቱ፣ ማለትም ፕላጂዮክሌዙ፣ ፓይሮክሲኑና ጥቁሩ ኢልሜናይት፣ ከላቫ እንደረጉ ቅርጻቸውን ይዘዋል። እግረ መንገድዎን ውፍረቱንም ይፈትሹ፦ ሁለቱ ፖላራይዘሮች (ብርሃንን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ ማጣሪያዎች) ተሻግረው ሲገቡ ፕላጂዮክሌዝ ግራጫ ወይም ነጭ መሆን አለበት። ቢጫ ካሳየ ቁራጩ ከተለመደው 30 ማይክሮሜትር ወፍሯል ማለት ነውና የሌሎቹን ማዕድናት ቀለም ሲያነቡ ይህን ያስቡበት።

ቀጥሎ 78235 ይምጣ። የስብስቡ ዕንቁ እሱ ነው። ኖራይት የሚባል የጥንት ቅርፊት ዓለት ሲሆን ኃይለኛ ምት ደርሶበታል። በተራ ብርሃን ሲታይ ፕላጂዮክሌዙ ጤነኛ ይመስላል፤ ጠርዙም ቅርጹም አልተነካም። ፖላራይዘሩ ሲገባ ግን ብዙው ክፍል ይጨልማል፤ ቁራጩ የተቀመጠበትን የማይክሮስኮፕ መድረክ ሙሉ ዙር ቢያዞሩትም አይበራም። ማዕድኑ ሳይቀልጥና ሳይፈስ፣ በድንጋጤ ሞገዱ ግፊት ብቻ የክሪስታል ሥርዓቱ ፈርሶ ማስኬሊናይት ወደሚባል መስታወት ተለውጧል። ለዚህ የሚያስፈልገው ግፊት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር አትሞስፌር ነው፤ እሳተ ገሞራ ይህን ያህል ግፊት ሊፈጥር አይችልም። አጠገቡ ያለው ፓይሮክሲን ተሰነጣጥቆም ቢሆን ቀለሙን ማሳየቱን ይቀጥላል።

ስህተት የሚበዛውም እዚሁ ላይ ነው፤ የጨለመ ሁሉ ማስኬሊናይት አይደለም። ኢልሜናይት በተራ ብርሃንም ጥቁር ነው። የተቦረቦረ ቦታን የሞላ ሙጫ በተራ ብርሃን ጥርት ይላል፣ ግን የማዕድን ቅርጽ የለውም፤ አንዳንዴም የአየር አረፋ ይታይበታል። ጤነኛ ፕላጂዮክሌዝ ደግሞ በአንድ ዙር አራት ጊዜ ይጨልማል፣ በመካከሉ ግን ይበራል። ስለዚህ ማስኬሊናይት ነው ከማለትዎ በፊት ፖላራይዘሩን አስወጥተው ያንኑ ቦታ ዳግም ይመልከቱ።

65015 የአፖሎ 16 ናሙና ነው፤ ግጭት ያቀለጠው ዓለት መልሶ ሲረጋ ምን እንደሚመስል ያሳያል። ትላልቅ ፓይሮክሲኖች ጥቃቅን ፕላጂዮክሌዞችን በሆዳቸው ይዘዋል። በመካከላቸው ግን ያልቀለጡ የአሮጌ ፕላጂዮክሌዝ ስብርባሪዎች አሉ፤ እነሱን ፈልጎ ማግኘት ሙሉ የላብራቶሪ ሰዓት ቢፈጅም አይቆጭም። ዕድሜ የሚለካው ፖታሲየም ወደ አርጎን በሚቀየርበት ፍጥነት ሲሆን፣ በደንብ ያልጋለው ስብርባሪ የጥንት አርጎኑን ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ከቀለጠው ክፍል ጋር ተቀላቅሎ ከተለካ ዓለቱ ከግጭቱ ይልቅ ያረጀ ሆኖ ይወጣል።

14305 እና 72275 የተደራረበ ታሪክ ያላቸው ብሬቻዎች ናቸው፤ ብሬቻ ውስጥ ሌላ ብሬቻ መፈለግ በቂ ሥራ ነው። 60025 አኖርቶሳይት (ከሞላ ጎደል ፕላጂዮክሌዝ ብቻ የሆነ ነጭ ዓለት) ሲሆን የተሰባበረ ጠርዙን ማየት ይበቃል።

አፈሮቹን ለመጨረሻ ያቆዩ። በአፖሎ 16 አፈር ውስጥ የጥቃቅን ሜትሮራይቶች ምት አፈሩን አቅልጦ ያጣበቃቸው፣ ቅርጻቸው የተዛባ፣ አረፋና የድንጋይ ስብርባሪ የያዙ የመስታወት እብጠቶች አሉ። 74220 ደግሞ አፖሎ 17 ሾርቲ ከተባለው ክሬተር ጠርዝ ያመጣው ብርቱካናማ አፈር ነው፤ ክብ፣ ንጹሕ፣ አንድ ዓይነት የመስታወት ጠብታ ሞልቶበታል። መስታወት ሁሉ የግጭት ነው ብሎ የደመደመ ተማሪ እዚህ ይሳሳታል፤ እነዚህ ጠብታዎች ከእሳተ ገሞራ ምንጭ የተረጩ ናቸው። ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ልዩነቱን ያስጨብጣል።

ጉድለቱስ? ስስ ቁራጭ ግጭት መኖሩን እንጂ ዘመኑን አይናገርም። በ1974 ተመራማሪዎች ከ3.9 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የግጭት ውርጅብኝ ነበር ያሉት በላብራቶሪ ልኬት ተመሥርተው ነው፤ ክርክሩ ግን አላበቃም። አንዱ ምክንያት ኢምብሪየም የተባለውን ግዙፍ የጨረቃ ተፋሰስ የፈጠረው ግጭት ፍንጣሪ በአፖሎ ማረፊያዎች አካባቢ በሰፊው መበተኑ ነው፤ ብዙ ናሙናዎች የአንድን ግጭት ዕድሜ ደጋግመው እየነገሩን ሊሆን ይችላል። በስብስቡ ያሉት ናሙናዎች ሁሉ ወደ ምድር ከሚዞረው ገጽ የተወሰዱ ናቸው፤ የቻይናዋ መንኮራኩር ቻንግኧ-6 በ2024 ከሩቁ ገጽ ያመጣችው ዓይነት ናሙና በስብስቡ ውስጥ የለም። መምህሩ ይህን በቃል መሙላት ይኖርበታል።

ስብስቡን መዋስ ለማይችል፣ የብሪታንያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በኢንተርኔት ያስቀመጠው ቨርቹዋል ማይክሮስኮፕ የአፖሎ ቁራጮችን በነጻ ያሳያል። የሚዞሩት ግን አዘጋጆቹ የመረጧቸው ነጥቦች ብቻ ናቸው፤ ማስኬሊናይትን ለመለየት ደግሞ ማዞር ግድ ስለሆነ፣ የማዞሪያ ነጥብ በፕላጂዮክሌዝ ላይ ያረፈበትን ቁራጭ ይምረጡ።