ፒቲሊያኖ ለምትሄዱ፦ ይህችን አስጎብኚ ያዙ

ጣልያን ሄዳችሁ ከሮምና ከፍሎረንስ ሌላ አንድ ቦታ ማየት ካሰባችሁ፣ በተለይ እናት ወይም አባት ይዛችሁ ከሆነ፣ ይህን አንብቡልኝ። እኔና እማዬ ከእስራኤል ተነስተን ደቡብ ቶስካና ያለችውን ፒቲሊያኖን አይተን መጣን። ጉዞውን ያሳመረችልን እዚያው ተወልዳ ያደገች አንዲት አስጎብኚ ናት። ፈጣሪ ይስጥልን።

ስለ ቦታው ትንሽ ልበል። ከተማዋ ገደል አናት ላይ ጉብ ብላለች። ገደሉ ጣልያኖች ቱፎ የሚሉት ድንጋይ ነው፤ በጥንት ዘመን በቦልሴና ሐይቅ አካባቢ እሳተ ገሞራ የተፋው አመድ ተጋግሮ የሆነ። ለስላሳ ስለሆነ በዶማ ይፈለፈላል። ከሩቅ ስታዩት ገደሉ የት አልቆ የቤቱ ግድግዳ የት እንደጀመረ አይለይም። ከሮማውያን በፊት ከነበሩት ከኤትሩስካውያን ጀምሮ ሰው ከሥሩ ሲቆፍር ኖሯል። መቃብሩም፣ የወይን ጓዳውም፣ በረቱም ድንጋይ ውስጥ ነው።

እኛን የወሰደን ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ፒቲሊያኖን «ትንሿ ኢየሩሳሌም» ይሏታል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1569 ጳጳሱ ፒዮስ አምስተኛ፣ ከሮምና ከአንኮና በቀር፣ አይሁዶች ከግዛታቸው እንዲወጡ አዘዙ። ፒቲሊያኖ ያኔ በኦርሲኒ መሳፍንት እጅ ስለነበረች ከተባረሩት ብዙዎቹ እዚህ ተጠጉ። ምኩራባቸውን በ1598 ሠሩ። ከምኩራቡ ሥር ደግሞ ድንጋዩን ፈልፍለው መንጻት የሚፈጸምበትን መታጠቢያ፣ የወይን ጓዳ፣ የልብስ ማቅለሚያና ለፋሲካ ብቻ የሚነድ የቂጣ ምድጃ አዘጋጁ።

አሁን ወደ ሴትዮዋ። ከመሄዳችን በፊት ኢሜይል ጽፌላት ነበር። እናቴ ጉልበቷን እንደሚያማት፣ ከጎንደር፣ ከወገራ እንደመጣችና ቤተ እስራኤል እንደሆንን ነገርኳት። ሌላው አስጎብኚ «ችግር የለም» ብሎ ያልፈዋል። እሷ ግን ጠየቀች። ደረጃ ላይ ስንት ጊዜ ማረፍ እንደሚያስፈልጋት፣ ቀዝቃዛ ቦታ ይከብዳት እንደሆነ፣ ምን መብላት እንደማትችል። በስምምነታችን ውስጥ ቪዬ ካቬ የሚባሉት መንገዶች ነበሩ፤ ኤትሩስካውያን ገደሉን ሰንጥቀው ያወጧቸው፣ ግድግዳቸው አንዳንድ ቦታ ሃያ ሜትር የሚደርስ። «ለሲኞራ አይሆንም፣ መሬቱ ያዳልጣል» አለችና እኛ ሳንጠይቅ ከዋጋው ላይ ቀነሰች። ሮም ውስጥ አንድ አስጎብኚ ድርጅት ባንዲራ እያውለበለበ ሲያስሮጠን ስለከረመ፣ ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነበር።

ስንደርስ ደግሞ አንብባ ነው የጠበቀችን። ገና ሰላም እንዳልን ስለ ታምራት አማኑኤል አነሳች። ታምራት በወጣትነቱ እዚያው ቶስካና ውስጥ፣ ፍሎረንስ፣ በረቢዎች ኮሌጅ ተምሮ በኋላ አዲስ አበባ ላይ የቤተ እስራኤል ልጆችን ትምህርት ቤት የመራው ሰው ነው። እማዬ ስሙን ከአባቷ አፍ ሰምታዋለች። ፈረንጅ ሴት ስትጠራው ስትሰማ «እንዴ! አንቺ ደግሞ የት ታውቂዋለሽ ልጄ?» ብላ በአማርኛ ጠየቀቻት። እኔ ነበርኩ የማስተረጉመው፤ ከዚያ በኋላ ግን እፎይታ አላገኘሁም።

ምድጃው ጋ ስንደርስ ነገሩ ተገለበጠ። አስጎብኚዋ ምድጃው በዓመት አንዴ ይነድ እንደነበር ተናግራ ሳትጨርስ እማዬ ያዘቻት። ወገራ ላይ ለፋሲካ ቤቱ እንዴት እንደሚጸዳ፣ አሮጌው ሸክላ ወጥቶ በአዲስ እንደሚተካ፣ ሴቶቹ ራሳቸው ሸክላ ሠሪ እንደነበሩ፣ ቂጣው ሳይቦካ ቶሎ እንደሚጋገር ዘረዘረች። ሴትዮዋ ማስታወሻ ደብተር አውጥታ ጻፈች። ምጣዱን፣ ዱቄቱን፣ ማን እንደሚያቦካ አንድ በአንድ ጠየቀቻት። (እማዬም «አይቦካም እኮ ነው የምልሽ!» ብላ ገሰጸቻት።) ሌላ ቡድን ከኋላችን መጥቶ ነበር፤ ወጥታ ትንሽ እንዲታገሡ ለመነችልን። እናቴን እንዲህ ተቀምጦ የሚሰማት ሰው ሙዚየም ውስጥ አይቼ አላውቅም።

ሌላው የወደድኩላት አለማሳመሯ ነው። ቦታው ለቱሪስት ሲሸጥ ሁሉም ተፋቅሮ የኖረ ይመስላል። እሷ ግን አይሁዶቹ በ1622 በቶስካና ገዢዎች በሜዲቺዎች ዘመን ተለይተው በአንድ ሰፈር እንዲታጠሩ መደረጋቸውንም ነገረችን። ስፍራቶ የሚባለውን የማርና የዋልነት ጣፋጭ ስታቀምሰንም ቅርጹ ለምን ዱላ እንደመሰለ አስረዳችን፤ ያኔ በራቸውን በዱላ እየመቱ ከቤታቸው ያስወጧቸውን ለማስታወስ ነው። በ1938 የፋሺስቶቹ ፀረ አይሁድ የዘር ሕግ ሲወጣ ዝም ያለውንም ጎረቤት፣ በ1943 ጀርመኖች ሲመጡ በእርሻ ቤቱና በዋሻ የደበቃቸውንም ገበሬ ሳታዳላ ነገረችን። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ 400 ገደማ አይሁዶች ነበሩባት። ዛሬ የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

እንከን አልባ ናት አልልም። ሲጀምራት ፈጥና ታወራለች፣ ለማስተርጎም ይከብዳል። ዋጋዋም ርካሽ አይደለም። ግን ለሁለት ሰው ብቻ ያን ያህል ለተዘጋጀ ሰው በዛ አይባልም።

ለምትሄዱ፦ ፒቲሊያኖ ባቡር አይገባም፤ ከሮም በመኪና ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ቅዳሜ ምኩራቡና ሙዚየሙ ዝግ ስለሆነ ያን ቀን አትምረጡ። ወደ ታች የሚወስደው ደረጃ ቁልቁል ነው፤ በበጋም ቢሆን ሹራብ ያዙ፣ ከሥር ይበርዳል። ስሟንና ስልኳን እዚህ አልለጥፍም፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቃዷን ጠይቄ እልክላችኋለሁ። ስትጽፉላት ስለ ወላጆቻችሁ ሁሉንም ንገሯት፤ ከየት እንደመጡ፣ ምን እንደሚያማቸው። ታነበዋለች።