«ማናጅድ ነው» የተባላችሁትን ስዊች መቆጣጠሪያ ገጹን በራሳችሁ ላፕቶፕ ሳትከፍቱ አትግዙ

ይህን ማስጠንቀቂያ የምጽፈው ለቢሮ፣ ለክሊኒክ፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለእንግዳ ማረፊያ የኔትወርክ ስዊች (ኮምፒውተሮችንና ሌሎች መሣሪያዎችን በኬብል የሚያገናኝ ሳጥን) ለመግዛት በማፈላለግ ላይ ላላችሁ ሁሉ ነው። በአዲስ አበባ የኮምፒውተር ሱቆችም ሆነ በቴሌግራም ቻናሎች ያገለገሉ ማናጅድ ስዊቾች፣ በተለምዶ «ስላሽ» የሚባሉት፣ ተመሳሳይ የፖርት (የኬብል መሰኪያ) ብዛት ካለው ተራ ስዊች እጅግ በሚበልጥ ዋጋ ይቀርባሉ። የዋጋው ልዩነት የሚመጣው ገዢው ስዊቹን በብራውዘር ከፍቶ እያንዳንዱን ፖርት መቆጣጠር ይችላል ከሚለው ተስፋ ነው። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ዕቃዎች ጥቂት የማይባሉት መቆጣጠሪያ ገጻቸው ዛሬ በምንጠቀምበት ብራውዘር አይከፈትም፤ ቢከፈትም የቀድሞው ባለቤት ፓስወርድ ተቆልፎበታል፤ ወይም ደግሞ ከመጀመሪያውም እንዲህ ያለ ገጽ አልነበረውም። ገዢው ለማናጅድ ከፍሎ ተራ ስዊች ይዞ ይሄዳል ማለት ነው።

ኔትወርካቸውን የምከታተልላቸው አንዲት የክሊኒክ ባለቤት በዚሁ መንገድ 24 ፖርት ያለው፣ በኬብሉ በኩልም ለካሜራና ለዋይፋይ መሣሪያ ኤሌክትሪክ የሚያቀብል ያገለገለ ስዊች ገዝተው እንዳዋቅርላቸው ጠሩኝ። ሻጩ «ሲስተር፣ ይሄ ማናጅድ ነው፤ ቢሮዎ ቁጭ ብለው ሁሉንም በብራውዘር ይቆጣጠሩታል» ብሏቸዋል። እሳቸውም የሚፈልጉትን አስቀድመው ነግረውት ነበር፤ የካርድ ክፍሉና የላቦራቶሪው ኮምፒውተሮች ከታካሚዎች ዋይፋይ እንዲለዩ፣ ካሜራዎቹም ለብቻቸው እንዲሆኑ። ይህ ሥራ ቪላን (አንዱን ስዊች እርስ በርስ ወደማይገናኙ ኔትወርኮች መከፋፈል) ይጠይቃል፤ ቪላን ደግሞ ወደ ስዊቹ ውስጥ ሳይገቡ የሚሠራ ነገር አይደለም። ሱቁ ውስጥ ሙከራ ተብሎ የታየው ስዊቹ ሶኬት ላይ ተሰክቶ መብራቶቹ አረንጓዴ ሲሆኑ ብቻ ነው። እኔ የስዊቹን አድራሻ ብራውዘር ላይ ስጽፍ በግራ በኩል የርዕሶች ዝርዝር ወጣ፤ በቀኝ በኩል የፖርቶቹ ሥዕል ሊታይበት በሚገባው ቦታ ላይ ግን አንድ ባዶ ግራጫ ሳጥን ተቀምጧል። ከርዕሶቹ የትኛውንም ብጫን ያው ግራጫ ሳጥን ነው። ሻጩ ሲደወልለት «በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ክፈቱት» አለ፤ ገንዘቡ ይመለስ ሲባል ደግሞ «ዕቃው ይሠራል፤ መብራቱን አይታችሁ ነው የወሰዳችሁት» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ግራጫው ሳጥን የጃቫ አፕሌት፣ ማለትም በብራውዘሩ ላይ በተጨመረ ተሰኪ አማካይነት የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም፣ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ የተሠሩ ብዙ ስዊቾች፣ ለምሳሌ የኤችፒ ፕሮከርቭ 2610 እና የሲስኮ ካታሊስት 2950፣ በብራውዘር የሚታየውን ገጻቸውን የሠሩት በጃቫ ላይ ተመሥርተው ነበር። ክሮም እንዲህ ዓይነቶቹን ተሰኪዎች እ.ኤ.አ. በመስከረም 2015 በስሪት 45 ሙሉ በሙሉ አስወገደ፤ ፋየርፎክስም በመጋቢት 2017 በስሪት 52 ተከተለው። ሻጩ የጠቀሰውን ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን ደግሞ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ሰኔ 15 ቀን 2022 ከአገልግሎት አውጥቶታል። እርግጥ ነው፣ በማይክሮሶፍት ኤጅ ውስጥ የኤክስፕሎረር ሞድ የሚባል አሠራር አለ፤ ኩባንያውም ቢያንስ እስከ 2029 እንደሚያቆየው አስታውቋል። አሮጌ ጃቫ ጭኖና የደኅንነት ቅንብሮችን አላልቶ በዚህ መንገድ አንዳንዱን ገጽ ማስከፈት ይቻላል። ነገር ግን ይህ ጉዳዩን የሚያውቅ ባለሙያ ሲቸገር የሚጠቀምበት ማለፊያ ነው እንጂ፣ የታካሚ መረጃ የሚያዝበትን ኮምፒውተር አላልታችሁ ተጠቀሙ ተብሎ ለገዢ የሚሰጥ መልስ ሊሆን አይገባም።

ገጹ ጃቫ ባይፈልግም ሌላ መሰናክል ይገጥማችኋል። የቆዩ ስዊቾች የተመሰጠረውን ግንኙነት የሚያደርጉት በቲኤልኤስ 1.0 ወይም ከዚያም በቀደመ ስልት ሲሆን፣ ታላላቆቹ ብራውዘሮች ከ2020 ወዲህ ቲኤልኤስ 1.0 እና 1.1ን አይቀበሉም። እዚህ ላይ ሁለት የሚመሳሰሉ ማስጠንቀቂያዎችን መለየት ያስፈልጋል። ብራውዘሩ የገጹ ሰርተፊኬት (የማንነት ማረጋገጫው) የማይታመን መሆኑን ገልጾ በታችኛው አማራጭ መቀጠል እንደምትችሉ ከነገራችሁ አትደንግጡ፤ ስዊቹ ሰርተፊኬቱን ለራሱ የሠራው በመሆኑ በአዲስ ስዊችም ላይ የሚያጋጥም ነገር ነው። ስሪቱ ወይም የምስጠራው ዓይነት አይጣጣምም ብሎ ምንም የመቀጠያ አማራጭ ካልሰጣችሁ ግን በዚያ ብራውዘር በተመሰጠረ መንገድ አትገቡም። ያለ ምስጠራ የሚከፈት ገጽ ሊኖረው ይችላል፤ በዚያ በኩል ስትገቡ ግን ፓስወርዳችሁ በኬብሉ ላይ በግልጽ እንደሚያልፍ ዕወቁ።

አሮጌ ስዊች ሁሉ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ላፕቶፑን በቀጥታ ከስዊቹ ጋር በሚያገናኝ የኮንሶል ኬብል ገብቶ በጽሑፍ ትእዛዝ መሥራት ለሚችል ሰው ያረጀ ካታሊስት አሁንም ጠንካራ ዕቃ ነው፤ ቪላኑንም ሆነ ሌላውን ያለ ምንም ገጽ ያዋቅረዋል። ቅሬታዬ ከአሻሻጡ ጋር ነው። ባለሙያ የሌለው መሥሪያ ቤት «በብራውዘር ይሠራል» ተብሎ ሲገዛ፣ ዋጋውን የከፈለው ለብራውዘሩ ነው።

አዲስ ከነካርቶኑ የሚሸጡትም ቢሆኑ መጠየቅ ይገባቸዋል። «ኢዚ ስማርት» ወይም «ፕላስ» የሚል ስያሜ ያላቸው ትንንሽ ስዊቾች በተራውና በሙሉ ማናጅድ መካከል ያሉ ናቸው፤ ዋጋቸውም በዚያው ልክ መሆን አለበት። የታወቀውን የቲፒ ሊንክ ቲኤል-ኤስጂ108ኢ ብንወስድ፣ የመጀመሪያው የሃርድዌር ስሪት የሚዋቀረው በዊንዶውስ ላይ በሚጫን ፕሮግራም ብቻ ነበር፤ በብራውዘር የሚከፈት ገጽ የመጣው ከሁለተኛው ስሪት ወዲህ ነው። ሁለቱን የሚለያቸው ከሆዱ ሥር ያለው መለያ ወረቀት ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈች አንዲት የስሪት ቁጥር ናት፤ ሻጮች ይህችን አይጠቅሱም፤ ማስታወቂያ ላይም አትታይም።

ከሁሉ የከፋው ጉዳት የሚደርሰው ግን በደመና በኩል የሚተዳደሩ ስዊቾችን በሚገዙ ሰዎች ላይ ነው። የሲስኮ ሜራኪ ስዊች ከውጭ ሲታይ ያማረ፣ ያገለገለ ሲሆን ደግሞ በሚያስገርም ርካሽ ዋጋ የሚገኝ ዕቃ ነው። በስዊቹ አድራሻ የሚከፈተው ገጽ ያለበትን ሁኔታ ከማሳየትና የራሱን አድራሻ ከማስተካከል ብዙም አያልፍም፤ ዋናው ሥራ የሚሠራው በኩባንያው የኢንተርኔት ሰሌዳ ላይ ሲሆን፣ ለዚያም በየጊዜው የሚታደስ ፈቃድ ይከፈላል። የቀድሞው ባለቤት ስዊቹን ከራሱ ሰሌዳ ካላስወጣው እናንተ በስማችሁ ማስመዝገብ አትችሉም። አሜሪካም ሆነ አውሮፓ ሆናችሁ ለቤተሰብ ድርጅት ወይም ለትውልድ ሠፈራችሁ ትምህርት ቤት በሻንጣ ዕቃ የምትልኩ ወገኖች በተለይ ይህን ልብ በሉ። በኢቤይ ላይ የታየው ርካሽ ዋጋ አዲስ አበባ ሲደርስ በየዓመቱ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል ዕዳ ሊሆን ይችላል፤ ፈቃዱን ማን እንደሚከፍል ሳይታወቅ የተላከ ሜራኪ በመደርደሪያ ላይ ቦታ ከመያዝ በቀር ፋይዳ የለውም።

ሐሰተኛ ዕቃም በገበያው ውስጥ አለ፤ ይህ ደግሞ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። ኤፍ ሴኪዩር የተባለው የደኅንነት ኩባንያ በ2020 የሲስኮ ካታሊስት 2960-ኤክስ ተመስለው የተሠሩ ስዊቾችን ፈትቶ መርምሮ ዘገባ አውጥቷል። ስዊቾቹ ሐሰተኛ መሆናቸው የታወቀው ሶፍትዌራቸው ሲሻሻል ሥራ በማቆማቸው ነበር። በአሜሪካም በኩባንያዎችና በአማዞንና ኢቤይ ሱቆች መረብ ሐሰተኛ የሲስኮ ዕቃ ሲሸጥ የነበረ የፍሎሪዳ ነጋዴ በ2024 የስድስት ዓመት ከስድስት ወር እስራት ተፈርዶበታል። ስለዚህ ሻጩ ስለ ስዊቹ የውስጥ ሶፍትዌር «ፈርምዌሩን እንዳትነኩት፣ እንዳለ ይሻላል» ብሎ ቢመክራችሁ ምክንያቱን ጠይቁት።

አለመንካት ደግሞ የራሱ አደጋ አለው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 16 ቀን 2023 ሲስኮ በአይኦኤስ ኤክስኢ ሶፍትዌሩ የድር ገጽ ላይ ሲቪኢ-2023-20198 የሚል መለያ የተሰጠውን ክፍተት ይፋ አደረገ። ክፍተቱ ከአሥር አሥር የክብደት ነጥብ የተሰጠው ሲሆን፣ አጥቂው ያለ ፓስወርድ ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ እንዲፈጥር ያስችለው ነበር፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ መሣሪያዎችም ተጠቅተዋል። ይህ ሶፍትዌር ካለባቸው ካታሊስት 9000 ከሚባሉት አንዱን ያገለገለ ስትገዙ ሶፍትዌሩ ከዚያ ወዲህ ተሻሽሎ እንደሆነ ያ ገጽ ራሱ ይነግራችኋል።

እንግዲህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ላፕቶፕና አጭር የኔትወርክ ኬብል ይዛችሁ ሂዱ፤ ወይም ይህን የሚያውቅ ሰው አስከትሉ። ስዊቹ ሲሰካ አንዳንዱ ለመነሳት ከአንድ ደቂቃ በላይ ስለሚወስድ ታገሡ። ሻጩ በፊታችሁ ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ ይመልሰው፤ ከዚያም ላፕቶፓችሁን ከስዊቹ ጋር በአንድ መስመር ላይ ያለ፣ ማለትም በመጨረሻው ቁጥር ብቻ ከስዊቹ አድራሻ የሚለይ፣ ቋሚ አድራሻ ስጡት። የፋብሪካ አድራሻው በአብዛኛው ከሆዱ ሥር ተጽፏል፤ የቲፒ ሊንክ ስዊቾች ብዙውን ጊዜ 192.168.0.1፣ የሲስኮ ኤስጂ300 ደግሞ 192.168.1.254፣ የዲሊንክ ዲጂኤስ-1210 ደግሞ 10.90.90.90 ናቸው። ገጹ ተከፍቶ የፋብሪካውን ፓስወርድ ከተቀበለ በእርግጥም ተመልሷል ማለት ነው። ካልተቀበለ «ማታ እከፍትላችኋለሁ» የሚለውን ተስፋ ይዛችሁ ወደ ቤት አትሂዱ።

ከገባችሁ በኋላ የመጀመሪያው ገጽ የሞዴሉን ስም፣ የመለያ ቁጥሩንና የፈርምዌሩን ስሪት ያሳያል። የመለያ ቁጥሩን ከሆዱ ሥር ከተለጠፈው ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ፤ የማይመሳሰል ከሆነ ያስቀመጣችሁትን ገንዘብ አንሡ። ኤሌክትሪክ አቀባይ ከሆነ ጠቅላላ የዋት መጠኑን የሚያሳየውን ገጽ ተመልከቱ፤ 24ቱም ፖርቶች እያንዳንዳቸው 15.4 ዋት ቢጠይቁ 370 ዋት ገደማ ያስፈልጋል፤ ከዚህ ግማሽ ያህሉን ብቻ የሚሰጡ ስዊቾች ግን በዚያው የፖርት ብዛት ይሸጣሉ። በመጨረሻም አንዲት ቪላን ፍጠሩ፣ አስቀምጡ፣ ስዊቹን ከሶኬት ነቅላችሁ መልሳችሁ ስኩት። በብዙ ስዊቾች ላይ ለውጡን ተግባራዊ የሚያደርገው ቁልፍ ለጊዜው ብቻ ስለሚይዘው፣ ለብቻው ያለውን የማስቀመጫ ቁልፍ መጫናችሁን አረጋግጡ። ተጭናችሁም ቪላኗ ከመብራቱ ጋር አብራ ከጠፋች የስዊቹ ማኅደር ተበላሽቷል፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ቅንብሩን እንደ አዲስ ልትሠሩ ነው። በእኔ አስተያየት ከሁሉም ሙከራ ይህ ይበልጣል፤ ሻጮችም በጣም የማይወዱት ይህንን ነው።

ደረሰኙ ላይ «ስዊች 24 ፖርት» ብቻ ተብሎ እንዲጻፍ አትፍቀዱ። ሙሉ ሞዴሉ፣ የሃርድዌር ስሪቱ፣ የመለያ ቁጥሩና በብራውዘር የሚተዳደር መሆኑ ይጻፍ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። በድርጅት ስም ስትገዙ ጉዳዩ ወደ ፍትሐ ብሔር ሕጉ የሽያጭ ድንጋጌዎች ሊያመራ ይችላል፤ እነዚያ ደግሞ ገዢው ዕቃውን ሳይዘገይ መርምሮ ጉድለቱን ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠብቁበታል። ስለሆነም ዕቃውን በዚያው ሰሞን ሞክሩ፤ የገጹን ፎቶ አንሡ፤ ቅሬታውንም በቃል ሳይሆን በጽሁፍ አድርሱ።

ገዝታችሁ ለተቸገራችሁ ደግሞ፣ ስዊቹ ኮንሶል መግቢያ ካለው ለባለሙያ ጥቂት ከፍላችሁ የሚያስፈልጋችሁን ቪላን በትእዛዝ አሠርታችሁ የድር ገጹን ሙሉ በሙሉ አዘጉት። ኮንሶል ከሌለው መለየት ለማያስፈልጋቸው መሣሪያዎች፣ ለምሳሌ ለካሜራዎቹ ብቻ፣ እንደ ተራ ስዊች ተጠቀሙበት። መልሳችሁ ለመሸጥ ከወሰናችሁ ገጹ በዛሬ ብራውዘር እንደማይከፈት ማስታወቂያው ላይ በግልጽ ጻፉ፤ ከማስረከባችሁ በፊትም ቅንብሩን አጥፉት፤ የድርጅታችሁ ፓስወርድና የኔትወርካችሁ አድራሻዎች ውስጡ ተቀምጠው ለሚቀጥለው ገዢ ሊተላለፉ ይችላሉና።