ዲበንክቦት፦ የሴራ ትንተናን በማስረጃ የሚሞግት ሮቦት

የሴራ ትንተና የሚያምንን ሰው በማስረጃ መሞገት ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው ሲባል ኖሯል። እምነቱ ፍርሃቱን ያስታግስለታል፣ ማስረጃ ምን ይፈይዳል የሚል ግምት ነበር። ዲበንክቦት የተባለው በጽሑፍ የሚያወያይ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ግን ግምቱን ክፉኛ ነቅንቆታል።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። የሚያምኑትን ሴራና ያሳመነዎትን ምክንያት ይጽፋሉ፤ እርግጠኝነትዎን ከ0 እስከ 100 ይለካሉ፤ ተወያይተው እንደገና ይለካሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 ሳይንስ መጽሔት ላይ በወጣው ጥናት 2,190 አሜሪካውያን ተሳትፈዋል። ሦስት ዙር የተወያዩት እምነታቸው በአማካይ 20 በመቶ ገደማ ቀንሷል፤ ከሁለት ወር በኋላም አላገረሸም።

ወሳኙ ምክንያትዎን የሚጽፉበት ቦታ ነው። «መንግሥት ይዋሻል» ብቻ ካሉ መልሱም ጥቅል ይሆናል። «የአውሮፕላን ነዳጅ ብረት አያቀልጥም፣ የኒውዮርክ መንትያ ሕንፃዎች የፈረሱት በፈንጂ ነው» ካሉ ግን ክርክሩ የሚይዘው ነጥብ ያገኛል፦ ብረት ለመቅለጥ 1,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ቢፈልግም፣ 600 አካባቢ ሲደርስ ጥንካሬው በግማሽ ያህል ይወርዳል። ሕንፃ ለመደርመስ ደግሞ ብረቱ የግድ መቅለጥ አያስፈልገውም። በቡና ላይ ክርክር ይህን ቁጥር ማን ያስታውሳል? ደግሞም ሮቦቱ አይቆጣም፣ አይንቅም፤ ትልቁ ጥንካሬው ይህ ይመስለናል።

በእውነት የተፈጸመ ሴራንም አያስክድም፤ የአሜሪካው የስለላ ድርጅት ሲአይኤ ኤምኬ አልትራ በተባለ ምስጢራዊ ፕሮግራሙ ሰዎች ላይ ያደረገውን ሙከራ የሚያምኑ ሰዎች እምነታቸው አልቀነሰም።

ጉድለቱ፣ ሮቦቱ ራሱ የሴራው አካል ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ከመነሻው አይቀርበውም። ትኩስ ዜና ላይም መልሱን ከሌላ ምንጭ ጋር ማመሳከር ግድ ነው።