ጾመኞች፣ ኤደን ሴንተር ሄዳችሁ «ቻይ» በሉ

ይህን የምጽፈው አንዲት ሴት ለማመስገን ነው። ዲሲና ቨርጂንያ ያላችሁ ጾመኞችም ትጠቀሙበታላችሁ ብዬ ነው።

እማዬ ከአዲስ አበባ የመጣችው ሁዳዴ ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው ነበር። 55 ቀን ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ እንቁላል የለም። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እሷ ፊት አይነሳም። አይበላም፣ አለቀ። እስከ 9 ሰዓት ደግሞ ውሃም አትቀምስም። ሽሮውም ምስሩም ቤት ነበረ። ግን ብርዱ ነው መሰለኝ እህል አልወርድ አላት። «ትኩስ ሾርባ ነገር ቢሆን» አለች። እኔም አዋቂ ነኝና የቬትናም ሾርባ አውቃለሁ ብዬ ይዣት ወጣሁ።

የወሰድኳት ቤት ስሙ ይቅር። «አትክልት ብቻ ነው?» ብዬ ሦስት ጊዜ ጠየቅሁ። አስተናጋጁ ስልኩን እያየ «አዎ፣ አዎ» አለኝ። እማዬ ሁለት ማንኪያ ቀመሰችና አስቀመጠችው። «ይሄ ቅልጥም ነው» አለች። ዕድሜዋን ሙሉ ድስት ስትጥድ የኖረች ሴት እንዴት ትታለላለች! ልጁን ጠርቼ ስጠይቀው «ሥጋ እኮ የለውም፣ መረቁ ብቻ ነው የከብት አጥንት» ብሎ ሳቀ። ሳቀ! ሂሳቡን ሙሉ ከፍዬ ወጣሁ። እማዬ እስከ ቤት ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ማታ ስትሰግድ ሰማኋት። ጥፋቱ የሷ ይመስል። ሌላም ቤት ሞክረን ነበር። እዚያ ደግሞ የአትክልት ጥቅሉ (ስፕሪንግ ሮሉ) ማጥቀሻ የዓሣ ስጎ ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ ነው አንዲት የቤተ ክርስቲያን እህታችን «ኤደን ሴንተር ውሰጃት» ያለችኝ። ፎልስ ቸርች፣ ሰቨን ኮርነርስ ነው። በ1984 እ.ኤ.አ. የተከፈተ የቬትናሞች ገበያ ነው። ከ100 በላይ ሱቅና ምግብ ቤት አለው። የሳይጎኑን የቤን ታን ገበያ የሚመስል የሰዓት ማማ ቆሞበታል። የድሮዋ የደቡብ ቬትናም ባንዲራ፣ ቢጫ ላይ ሦስት ቀይ መስመር፣ ዛሬም ይውለበለባል። (የድሮ ባንዲራ ነገር ለኛ ሰው ማስረዳት አያሻም።) ከ1975 እ.ኤ.አ. በኋላ የተሰደዱት ቬትናሞች መጀመሪያ አርሊንግተን ክላረንደን ነበሩ አሉ። የሜትሮ ባቡሩ ሲመጣ ኪራይ ጨመረ፣ ወደዚህ ተገፉ። ልክ እኛ ከአዳምስ ሞርጋን እንደተገፋነው።

ታን ሶን የሚባል ቶፉ ቤት ገባን። ቶፉ ከአኩሪ አተር የሚሠራ እንደ አይብ ያለ ነገር ነው፤ እዚያው ነው የሚሠሩት፣ ትኩሱን። እማዬ በሩ ላይ ቆም ብላ አሸተተች። «ጠጅ ሣር!» አለች። እውነቷን ነው፣ ቶፉውን በጠጅ ሣርና በቃሪያ ይጠብሱታል። እኔ አንድ የታሸገ ነገር አንስቼ ልከፍል ስል ባንኮኒው ጋ ያለችው ሴትዮ እማዬን አየቻት። ነጠላዋን፣ አንገቷ ላይ ያለውን ማተብ አየች። የያዝኩትን ከእጄ ወሰደችና መልሳ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። «ሥጋ የለም? ዓሣ የለም?» አለችኝ በተሰባበረ እንግሊዝኛ። አዎ፣ ጾም ላይ ናት አልኳት። «ይሄ ሽሪምፕ አለው» አለች። ልትሸጥልኝ ስትችል አልሸጠችልኝም።

ከዚያ ሪሲት ገልብጣ አራት ፊደል ጻፈች። ሲነበብ «ቻይ» ነው። የቡድሂስቶች የጾም ምግብ ማለት ነው። ብዙዎቹ በጨረቃ ወር 1ኛውና 15ኛው ቀን ይጾማሉ። ቃሉን ለእማዬ ስነግራት «ቻይ? እኔ ነኛ!» ብላ ከመጣች ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ሴትዮዋ ሞቅ ያለ የአኩሪ አተር ወተት በሁለት እጇ ሰጠቻት፣ እማዬም ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ተቀበለች። ቋንቋ የላቸው፣ ምን የላቸው፣ እንደ ጎረቤት ተግባቡ።

ያቺን ወረቀት ይዘን ጎን ያለው ምግብ ቤት ገባን። ገና ሲያዩዋት ገባቸው። መረቁ በእንጉዳይ፣ በተጠበሰ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ በቀረፋ የተቀቀለ ነው። ሌላም ቅመም አለው፣ እኔ አልገባኝም። እማዬ ሳህኑን ጨርሳ መረቁን አንስታ ጠጣችው።

እንግዲህ ሂዱ። በእውነት ሂዱ። የቬትናሙን ሾርባ ስታዝዙ «ፎ» አትበሉ፣ «ፈ» ነው፣ ልክ እንደ ግዕዙ ፈ፣ ግን ጥያቄ እንደሚጠይቅ ሰው ጫፉን አንሡት። «ፈ ቻይ» በሉ። ጥሬ ጥቅሉንም «ቻይ» ብላችሁ እዘዙ፣ ማጥቀሻውን ግን የኦቾሎኒ መሆኑን አረጋግጡ። መረቁንም አንድ ጊዜ ጠይቁ፣ አይከፉም። ቅዳሜና እሁድ ፓርኪንግ መከራ ነው፣ በማለዳ ሂዱ ወይም በሥራ ቀን። ቶፉ ቤቱን ደግሞ አትለፉት። አትለፉት!

እማዬ ከፋሲካ በኋላ ተመልሳ ሄዳለች። በደወለች ቁጥር «ያቺ ሴትዮ ደህና ናት?» ትለኛለች። የኔን ጤና ከሷ በኋላ ነው የምትጠይቀው። ባለፈው ሳምንት በሰው እጅ ሁለት ፌስታል ቆሎ ላከች። አንዱ ላይ ስሜ አለ። ሌላው ላይ በእስክሪብቶ «ለቻይዋ» ይላል። ቅዳሜ አደርስላታለሁ።