ሬጅስትሪን ከእጅ ላይ ወይስ ከኮምፒውተር?

ቡሬ ወይም ደብረ ማርቆስ መጋዘን ውስጥ ባርኮድ የሚያነብ የቆየ የዊንዶውስ ሞባይል መሣሪያ አላችሁ እንበል። ሬጅስትሪውን፣ ማለትም ዊንዶውስ ቅንብሮቹን የሚያስቀምጥበትን መዝገብ፣ መነካካት ካማራችሁ ሁለት መንገድ አለ።

ፒኤችኤም ሬጅስትሪ ኤዲተር እዚያው መሣሪያው ላይ የሚጫን ነጻ ፕሮግራም ነው። ኬብልም ኮምፒውተርም አይጠይቅም። ግን በዚያች ጠባብ ስክሪን ላይ በእስክሪብቶ ረጅም የሬጅስትሪ ቁልፍ (የቅንብር አቃፊ) ማሳደድ ዓይን ያፈሳል።

ሲኢ ሬጅ ኤዲተር ደግሞ ኮምፒውተር ላይ ሆኖ በኬብል ይገባል። ትልቅ ስክሪን፣ ትክክለኛ ኪቦርድ፣ ፈጣን ፍለጋ። እኔ የምወደው ግን የሬጅስትሪው ቅጂ ከመሣሪያው ውጭ ስለሚቀመጥ ነው። በፖኬት ፒሲ 2003 (በቀድሞው የዊንዶውስ ሞባይል ስሪት) ሬጅስትሪው ያለው ራም ላይ፣ ማለትም ኃይል ሲቋረጥ በሚጠፋው ማህደረ ትውስታ ላይ ነው፤ ባትሪው ሙሉ በሙሉ ካለቀ ያስተካከላችሁት ሁሉ ድራሹ ይጠፋል። መብራት ጠፍቶ ሲቆይ ይህ ቀልድ አይደለም። ከዊንዶውስ ሞባይል 5 ወዲህ ያለው በዚህ አይታማም።

ችግሩ ግንኙነቱ ነው። መሣሪያውን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም፣ ዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ አክቲቭሲንክ፣ ዊንዶውስ 7 ላይ ዲቫይስ ሴንተር ያስፈልጋል፤ ዊንዶውስ 10 ላይ ብዙ ጊዜ ያስቸግራል። ስለዚህ አሮጌዋን ኤክስፒ ላፕቶፕ አትጣሏት። መስክ ላይ አንዲት ቁጥር ብቻ ለመቀየር ከሆነ ግን ፒኤችኤም ይበቃል።